ለሀርድ ዲስክ ገጽ የትኛው ፍሎሪን አዘል ማለስለሻ? ግንዱን፣ ጫፉንና ውፍረቱን አይቶ መምረጥ

ሀርድ ዲስክ ውስጥ ቅባት አለ ሲባል ብዙ ሰው የሞተሩን ነው የሚያስበው። የሞተሩም አለ። እኛ የምናወራው ግን ስለ ሌላው ነው። ዳታው የተጻፈበት ሳህን በሁለቱም ገጹ ወደ 1 ናኖሜትር የሚጠጋ ፈሳሽ ተቀብቷል። በዓይን አይታይም። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ከሆነ፣ በአንድ ገጹ ላይ ያለው ቅባት ቢመዘን 12 ማይክሮግራም ገደማ ነው። እንግዲህ 1 ግራም ከ80,000 በላይ ገጽ ይቀባል።

ጽሑፉ ቅባቱን መምረጥ ላለበት ሰው ነው። የስስ ንብርብር ላቦራቶሪ ተማሪ ሊሆን ይችላል። በካርቦን የተለበጠ ማግኔታዊ ገጽ ከመቧጨር ማዳን የሚፈልግ መሐንዲስም ሊሆን ይችላል። ወይም የሻጭ ሰነድ ከፍቶ የስሙ ብዛት ራሱን ያዞረበት። የሞተ ዲስክ ለማዳን ከሆነ የመጣችሁት ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ከፍታችሁ የምትቀቡት ነገር የለም። ክዳኑ ተነስቶ የገባ አቧራ ላይ ቅባት መጨመር ነገሩን ማባባስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። አብዛኛው ሰው «የቱ የበለጠ ያንሸራትታል?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው ብዙ ርቀት አይወስድም። ከዚህ በታች የምጠራቸው ሁሉ ያንሸራትታሉ። የሚለያዩት ከተቀቡ በኋላ በቦታቸው በመቆየታቸው ነው። እኔ ብመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቅባቱ የሚኖርበት ቤት

ከታች ወደ ላይ እንየው። ሥሩ በኒኬል ፎስፈረስ የተለበጠ አሉሚኒየም ወይም መስታወት ነው። ከዚያ የተለያዩ ስስ ንብርብሮች አልፈው ማግኔታዊው ንብርብር ይመጣል፤ በተለመደው ዲስክ ኮባልት፣ ክሮሚየምና ፕላቲነም ያለበት ነው። በላዩ ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር የሚሆን ጠንካራ የካርቦን ልባጥ አለ። ከሁሉም በላይ ቅባቱ ተኝቷል።

ዳታ የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት፣ ጠጋኞች «ሄድ» የሚሉት፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ይበራል። ዛሬ ሲጽፍና ሲያነብ ጫፉን በትንሽ ማሞቂያ ወደታች ገፋ ያደርጉታል። በመሃል የሚቀረው ክፍተት 1 ወይም 2 ናኖሜትር ብቻ ነው። ዲስኩ በደቂቃ 7,200 ዙር ሲዞር ዳር ላይ ያለው ፍጥነት በሰዓት ወደ 127 ኪሎሜትር ይደርሳል። እዚያው ዳር ላይ ቅባቱን ወደ ውጭ የሚወረውረው ጉልበት ከመሬት ስበት ከ2,500 እጥፍ በላይ ነው። ቅባቱ በዚህ ሁኔታ ለዓመታት መቆየት አለበት። መሸሽ የለበትም፣ መትነንም የለበትም። ጭንቅላቱ ላይ እየተለቀለቀ መሄድም የለበትም። ጭንቅላቱ ድንገት ሲነካ ደግሞ የተገፈፈውን ቦታ ተመልሶ መሸፈን ይጠበቅበታል።

መጨረሻ ያልኳቸው ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቦታውን የማይለቅ ነገር ተመልሶ አይፈስም። ተመልሶ የሚፈስ ነገር ቦታውን ይለቃል። የዚህ ዘርፍ ኬሚስቶች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙት ይህን ለማስታረቅ ነው።

ድሮ ችግሩ ቀለል ያለ ነበር። የቀድሞዎቹ ዲስኮች ማግኔታዊ ንብርብር የብረት ኦክሳይድ ዱቄት የተደባለቀበት ቀለም መሰል ነገር ነበር። ቀለሙ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው ቅባቱ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ገጹ ሲደርቅ ወደ ላይ ይወጣል። አይቢኤም በ1973 «ዊንቸስተር» በሚል ስም የታወቀውን 3340 ሲያወጣ፣ ጭንቅላቱ ዲስኩ ሲቆም በቀጥታ የተቀባው ገጽ ላይ ያርፍ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን ለስላሳ የብረት ስስ ንብርብር ያላቸው ዲስኮች ቦታውን ያዙ። ቀዳዳው ጠፋ። ማጠራቀሚያ የለም፣ ተደራቢ የለም። ያን ጊዜ ቅባቱ ራሱን በራሱ ገጹ ላይ መያዝ ነበረበት።

ፍሎሪን ለምን?

ተራ የማዕድን ዘይት በዚህ ውፍረት ይተናል፣ ከአየር ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፣ ዝቃጭ ይተዋል። ሲሊኮን ደግሞ የባሰ ነው። ከሲሊኮን የሚወጣው ተን ጭንቅላቱ አካባቢ ተበላሽቶ ሲሊካ ይሆናል፤ ማለትም አሸዋ የተሠራበት ነገር። ዲስክ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ሲሊኮን ያለበት ማሸጊያና ሙጫ በጥርጣሬ የሚታየው ለዚህ ነው።

የተመረጠው ቤተሰብ ፐርፍሎሮፖሊኢተር ይባላል። ሃይድሮጅን ሊኖርበት የሚችለው የግንዱ፣ ማለትም የሞለኪውሉ ረጅም ሰንሰለት፣ ቦታ ሁሉ በፍሎሪን ተተክቷል። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር በቀላሉ አይበጠስም። በየመሃሉ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ሰንሰለቱን እንደልቡ እንዲተጣጠፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሞለኪውሉ ረጅምና ከባድ ሆኖም ፈሳሽ ነው። አይነድም። በተለመደው አሟሚ አይሟሟም። የገጽ ውጥረቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ካርቦን ላይ በቀላሉ ይዘረጋል።

ግንዱ፦ ሦስት ዓይነት

በገበያ የምታገኟቸው ስሞች ብዙ ቢሆኑም ግንዳቸው ከሦስት አያልፍም ማለት ይቻላል።

አንደኛው ፎምብሊን ዚ ነው። ከቴትራፍሎሮኤቲሊን በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኦክስጅን ይሠራል። ቅርንጫፍ የለውም፤ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው። ባለ አንድ ካርቦንና ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጮች ያለ ቅደም ተከተል ተደባልቀውበታል። ከሦስቱ በጣም ተጣጣፊው እሱ ነው። በቅዝቃዜ አይጠጥርም፣ በሙቀትም ብዙ አይቀጥንም። ለዲስክ ገጽ ለብዙ ጊዜ የነገሠው በዚህ ጠባዩ ነው። ደካማ ጎኑም ያው ባለ አንድ ካርቦን ቁራጭ ነው። በሁለት ኦክስጅን መካከል የተቀመጠ ብቸኛ ካርቦን ጠንካራ አሲድ መሰል ገጽ ሲያጋጥመው ይበጠሳል። ወደዚህ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ምርጫ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው የጃፓኑ ዳይኪን የሚያመርተው ደምነም ነው። እሱም ቀጥ ያለ ነው። ቁራጮቹ ግን ሁሉም ባለ ሦስት ካርቦን ናቸው። ያ ደካማ ቁራጭ የለበትም። በምትኩ ግንዱ ትንሽ ደረቅ ይላል። ከፎምብሊን ዚ ጋር ሲነጻጸር መፍሰሱ ዘገም ያለ ነው።

ሦስተኛው ቅርንጫፋማው ወገን ነው፦ ክራይቶክስና ፎምብሊን ዋይ። ከጎናቸው የተንጠለጠለ ሦስት ፍሎሪን የያዘ ካርቦን አለ። ይህ ጎን ሰንሰለቱን ከጥቃት ይከላከልለታል፤ መተጣጠፉን ግን ይቀንሰዋል። ሙቀት ሲቀያየር ዝልግልግነታቸው በጣም ይቀያየራል። ለቫክዩም ፓምፕ፣ ለከባድ ኩሽኔታ፣ ኦክስጅን ላለበት ቫልቭ ግሩም ናቸው። ለዘመናዊ ዲስክ ገጽ ግን እኔ አልመርጣቸውም። ዋናው ምክንያቴ ጫፋቸው ነው፤ በመደበኛ መልካቸው ካርቦኑን የሚይዙበት ነገር የላቸውም። በዚያ ቀዳዳማ ቀለም ዘመን ይህ ችግር አልነበረም።

አንድ የንግድ ነገር ላስታውስ። ክራይቶክስ የዱፖንት ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ የኬሞርስ ነው። ፎምብሊን ለረጅም ጊዜ የሶልቬይ ነበር፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ተገንጥሎ በወጣው ሲየንስኮ ስም ይሸጣል። የድሮ ጥናት ስታነቡና የዛሬ ሰነድ ስታዩ የድርጅቱ ስም ቢለያይ አትደናገጡ።

ጫፉ፦ ጨዋታው እዚህ ነው

ግንዱ ምንም ነገር ላይ መጣበቅ አይወድም። ፍሎሪኑ ያመጣው ጠባይ ነው። ስለዚህ ሞለኪውሉን ከካርቦኑ ጋር የሚያያይዘው ጫፉ ነው። ሁለት ቅባቶች አንድ ዓይነት ግንድ ኖሯቸው ጫፋቸው ስለተለያየ ብቻ አንዱ ለዓመታት ሲቆይ ሌላው በሳምንታት ዳር ላይ ተገፍቶ ሊገኝ ይችላል።

ጫፍ አልባው፣ ማለትም ፎምብሊን ዚ ሳይነካካ፣ በነጻነት ይፈሳል። የተገፈፈ ቦታ ቶሎ ይሸፍናል። ዲስኩ ሲዞር ግን እሱም ቶሎ ይሄዳል። ለማነጻጸሪያ ናሙና ጥሩ ነው፤ ለምርት አይሆንም።

ዚ-ዶል ያው የፎምብሊን ዚ ግንድ ሆኖ በሁለቱ ጫፎቹ አንድ አንድ ሃይድሮክሲል፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ አለው። ሃይድሮክሲሉ ካርቦኑ ላይ ካሉ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ያለባቸው ቦታዎች ጋር ይያያዛል። ዘርፉን የቀየረው ይህ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ስለ ዚ-ዶል የተጻፈው ጥናት ብዛቱ ለብቻው ምክንያት ይሆናል፤ አዲስ ሥራ የሚጀምር ላቦራቶሪ በእሱ ቢጀምር ውጤቱን የሚያስተያይበት አያጣም። ድክመቱ ሁለት ነው። አንድ፣ ከአንድ ሞለኪውል ውፍረት በላይ ሲቀባ ራሱን በራሱ ይገፋል፤ የላይኛው ክፍል ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቋጠራል። ጠብታው ደግሞ ለሚበረው ጭንቅላት ጉብታ ነው። ሁለት፣ በከፍተኛ ፍጥነትና በጠባብ ክፍተት የሁለት ሃይድሮክሲል መያዣ አልበቃ አለ።

ዚ-ቴትራኦል በየጫፉ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ሃይድሮክሲል አለው። ይይዛል። መትነኑም ይቀንሳል። በዚያው ልክ ይከብዳል፤ የተገፈፈ ቦታ ለመሸፈን ከዚ-ዶል ይዘገያል። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ሌዘር የሌለበት ዲስክ ላይ (ሌዘር ያለበትን ከታች እናየዋለን) ለሚሠራ ሰው መነሻው እሱ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ በጣም ያስደስተኛል። ሞለኪውሉ ረዝሞ በሁለት ጫፉ ብቻ ሲያያዝ መሃሉ ወደ ላይ ይቆለመማል። የተቆለመመው ክፍል ደግሞ ጭንቅላቱ ሊያልፍበት ከሚፈልገው ክፍተት ላይ ይቆርሳል። ታዲያ ለምን መሃሉንም አናስረውም? ባለ ብዙ ማያያዣ የሚባሉት ቅባቶች እንዲህ ተወለዱ። ሁለት አጠር ያሉ ሰንሰለቶችን ሃይድሮክሲል ባለው ድልድይ ያገናኛሉ። ሞለኪውሉ መሃሉም ታስሮ ለጥ ብሎ ይተኛል። ጭንቅላቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ መብረር ይችላል። ከናኖሜትር በታች ያለች ትርፍ ናት። ጠቅላላው ክፍተት 1 ወይም 2 ናኖሜትር በሆነበት ቦታ ግን ይህቺ ትርፍ ብዙ ናት። ያው ሐሳብ በደምነም ግንድ ላይም ተሠርቷል።

ሌላም መንገድ አለ። ኤኤም3001 የሚባለውና ዘመዶቹ በሃይድሮክሲል ፈንታ የቤንዜን (ባለ ስድስት ካርቦን) ቀለበት ያለበት ጫፍ ይዘው ነበር። በዘመናቸው በደንብ ሠርተዋል። ዛሬ የድሮ ጥናት ስታነቡ ካልሆነ እምብዛም አትገናኙም።

አሉሚናው ሲነካው

የጭንቅላቱ አካል የሚሠራው ከአሉሚና፣ ማለትም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ እና ከቲታኒየም ካርባይድ ድብልቅ ነው። እሱም ካርቦን ይለበጣል። ካርቦኑ ሲሳሳ ወይም ሲቧጨር አሉሚናው ይጋለጣል። እዚህ ጋ ክፉ ዑደት ይጀምራል። ቅባቱ በግጭት ሲሰበር ፍሎሪን ይለቃል። ፍሎሪኑ ከአሉሚናው ጋር ተዋሕዶ አሉሚኒየም ፍሎራይድ ይፈጠራል። አሉሚኒየም ፍሎራይድ ብርቱ ሉዊስ አሲድ፣ ማለትም ከሌላው የኤሌክትሮን ጥንድ የሚቀበል፣ ነው። ያንን ባለ አንድ ካርቦን ቁራጭ እየመረጠ ይበጥሳል። ሲበጠስ ተጨማሪ ፍሎሪን ይለቀቃል። ብቻውን ሲሆን ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚችል ፈሳሽ፣ እዚህ በጣም ባነሰ ሙቀት ያልቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ግንዱን መቀየር ነው። ደምነም ያ ቁራጭ ስለሌለው ዑደቱ በቀላሉ አይጀምርበትም። ሁለተኛው አሲዱን ቀድሞ የሚይዝ ነገር መጨመር ነው። ለዚህ የታወቀው ኤክስ-1ፒ ነው፤ ሳይክሎፎስፋዚን የሚባል የፎስፈረስና የናይትሮጅን ቀለበት። ቀለበቱ አሉሚናው ላይ ያሉትን የአሲድ ቦታዎች ቀድሞ ይይዛቸዋል። ችግሩ ኤክስ-1ፒና ዚ-ዶል በደንብ አይዋሐዱም። ውለው አድረው ይለያያሉ። የተለየው ቋጠሮ ይሠራል፤ ጭንቅላቱ ላይም ይለጠፋል። ስለዚህ ከመደባለቅ ይልቅ ቀለበቱን ከዚ-ዶል አንድ ጫፍ ጋር በኬሚካል ማያያዝ መጣ። ኤ20ኤች የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፦ አንድ ጫፉ ቀለበት፣ ሌላው ጫፉ ሃይድሮክሲል።

ምክሬ እንዲህ ነው። ሙከራችሁ ጭንቅላቱ ደጋግሞ የሚነካበት ከሆነ፣ ወይም የምታጋጩት ነገር ያልተለበጠ አሉሚና ከሆነ፣ በተራ ዚ-ዶል የምታገኙት የቆይታ ጊዜ ስለ ካርቦን ልባጣችሁ ብዙ አይነግራችሁም። የምትለኩት የቅባቱን መበጣጠስ ነው። ደምነም ወይም ባለ ቀለበቱን አስገቡና አወዳድሩ።

የታሰረውና ነጻው

ቅባቱ ከተቀባ በኋላ ከፊሉ ካርቦኑ ላይ ይታሰራል፣ ከፊሉ ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። የታሰረው ክፍል ዘብ ነው፤ ነጻው ጠጋኝ። ሁለቱን የምትመጥኑት በሙቀት ወይም በአልትራቫዮሌት ነው። ለብርሃኑ የሚመረጠው የ172 ወይም የ185 ናኖሜትር ሞገድ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ካበራችሁ የታሰረው ይበዛል። ሁሉም ከታሰረ ግን የተቧጨረ ቦታ የሚሸፍን አይኖርም። ትንሽ ብቻ ከታሰረ ደግሞ ቅባቱ ይሸሻል፤ ጭንቅላቱ ላይም ይለቀለቃል።

መለኪያው ቀላልና የሚያምር ነው። ገጹን በኢንፍራሬድ ትለካላችሁ፤ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ጉልህ ምልክት ይሰጣል። ከዚያ ዲስኩን በፍሎሪን አዘል አሟሚ ታጥባላችሁ። ነጻው ታጥቦ ይሄዳል። እንደገና ትለካላችሁ። መጀመሪያ 1.2 ናኖሜትር ከነበረና ከታጠበ በኋላ 0.84 ካገኛችሁ፣ የታሰረው 70 በመቶ ነው ማለት ነው። የሻጭ ሰነድ «በጣም ይይዛል» ቢላችሁ አትመኑት። ቁጥሩ ከካርቦናችሁ ዓይነት ጋር ይቀያየራል፤ ናይትሮጅን የበዛበት ልባጥና ሃይድሮጅን የበዛበት ልባጥ አንድ ዓይነት አይዙም። ራሳችሁ ካልለካችሁት የእናንተ ቁጥር አይደለም።

ውፍረትና ክብደት

ሲበዛ ይሻላል ማለት እዚህ አይሠራም። ጭንቅላቱ ዲስኩ ላይ ያርፍ በነበረበት ዘመን፣ የበዛ ቅባት በሁለቱ መካከል ገብቶ እንደ ሁለት እርጥብ ብርጭቆ ያጣብቃቸው ነበር። ሞተሩ መነሳት ያቅተዋል። ዛሬ ጭንቅላቱ ሲቆም ከዲስኩ ውጭ ባለ ማረፊያ ላይ ስለሚወጣ ያ ጣጣ ቀርቷል። በምትኩ ክፍተቱ ጠቧል፤ ተርፎ የሚቆም ቅባት ሁሉ ጭንቅላቱ ላይ ይሰበሰባል። ዒላማችሁ አንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ንብርብር ወይም ትንሽ ያነሰ ይሁን።

የሞለኪውሉ ክብደት ሲጨምር ትነቱ ይቀንሳል፤ ዝልግልግነቱ ግን ይጨምራል፣ መፍሰሱም ይዘገያል። ለዲስክ ከ2,000 እስከ 4,000 ግራም በሞል ያለው የተለመደ ነው። ከአማካዩ እኩል ስርጭቱን ጠይቁ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ሞለኪውል አይደለም። አጫጭሮቹ ይተናሉ፤ ረጃጅሞቹ ይቆማሉ። ከፍተኛ ግፊት ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጣርቶ ስርጭቱ የጠበበ ቢገኝ፣ ዋጋው ቢወደድም ይበልጣል።

ሌዘር ያለበት ዲስክ

በሙቀት የታገዘ ቀረጻ ሌላ ዓለም ነው። ጭንቅላቱ ላይ ያለ ሌዘር በአሥርታት ናኖሜትር የምትለካ ነጥብን ለናኖሰከንድ ገደማ ከ400 ዲግሪ በላይ ያሞቃታል። ማግኔታዊው ንብርብርም ተቀይሮ ብረትና ፕላቲነም ሆኗል። ሲጌት በጥር 2024 «ሞዛይክ 3+» ብሎ በአንድ ሳህን 3 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በዚህ መንገድ አስተዋውቋል።

ለቅባቱ ይህ አሳር ነው። በተራው ዲስክ ላይ ዋናው ጠላት መሸሽ ነበር። እዚህ ትነትና መበጣጠስ ነው። የተነነው በሙሉ አይጠፋም፤ ከፊሉ ቀዝቀዝ ያለው ጭንቅላት ላይ ይቀመጣል፤ በሌዘሩ አፍ አካባቢ ቆሻሻ ይከማቻል። ስለዚህ ቀላል ዚ-ዶልን ከዝርዝሩ አውጡት። አራት ወይም ከዚያ በላይ ማያያዣ ያላቸውን፣ ክብደታቸው ጠንከር ያለውን፣ ከተቻለም ደካማው ቁራጭ የሌለበትን ግንድ እዩ። በምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ በሚጨምር ሙቀት የተለካ የመቋቋሚያ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። አንድ ቅባት ለደቂቃዎች በሚቆይ ሙቀት ሊያልቅ፣ ለናኖሰከንድ ከሆነ ግን ሊተርፍ ይችላል። በሌዘር ምት ተሞክሮ ከሆነ ግን ጆሮ ስጡት።

አሟሚውን አትርሱ

ቅባቱ ብቻውን አይቀባም። ከ1 በመቶ በጣም ባነሰ መጠን በፍሎሪን አዘል አሟሚ ይሟሟል። ዲስኩ ይነከርና በአንድ ወጥ ፍጥነት ይወጣል። አሟሚው ይተናል፤ ቅባቱ ይቀራል። በፍጥነት ካወጣችሁት ይወፍራል፣ በዝግታ ካወጣችሁት ይሳሳል። ሲወጣ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ላይ መስመር ይቀራል። አሟሚ ሳይነካው በተን መልክ መቀባትም ይቻላል፤ መሣሪያው ግን ውድ ነው።

ድሮ የሚሠራበት አሟሚ፣ ሲኤፍሲ-113፣ ኦዞንን ስለሚጎዳ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ከገበያ ወጣ። የተተኩት ለኦዞን ደህና ናቸው፤ ለሙቀት ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ብዙ ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ቨርትሬል ኤክስኤፍ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,500 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ፐርፍሎሮሄክሴን ደግሞ ከ7,500 እጥፍ በላይ ነው። ሃይድሮፍሎሮኢተሮቹ በጣም ያነሱ ናቸው። ሆኖም ሦስትና ከዚያ በላይ ማያያዣ ያለውን ቅባት ሁሉም እኩል አያሟሙትም፤ ደፍርሶ ከታያችሁ ጭራሽ አትንከሩበት።

የአቅርቦት ነገርም አለ። ስሪኤም በታኅሣሥ 2022 በጥቅሉ ፒፋስ የሚባሉትን የማይበሰብሱ የፍሎሪን ኬሚካሎች ማምረት እስከ 2025 መጨረሻ እንደሚያቆም አስታውቋል። በየካቲት 2023 ደግሞ አምስት የአውሮፓ አገራት ያቀረቡት ሰፊ የእገዳ ሐሳብ ይፋ ሆኗል። ቅባቱም አሟሚውም በዚያ ትርጉም ውስጥ ይወድቃሉ። ለአንድ ዓመት ጥናት ይህ ላያስጨንቅ ይችላል። ለአሥር ዓመት ምርት መስመር የሚመርጥ ሰው ግን አንድ ሻጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።

ታዲያ የቱን?

ለመማርና ከቀድሞ ጥናት ጋር ለማስተያየት፦ ዚ-ዶል፣ ክብደቱ 2,000 አካባቢ የሆነ። ለተራ ዲስክ መሰል ገጽ፦ ዚ-ቴትራኦል፤ ክፍተቱ በጣም ከጠበበ መሃሉም የሚታሰረው ዓይነት። አሉሚና ደጋግሞ የሚነካው ከሆነ፦ የደምነም ግንድ ባለ አራት ሃይድሮክሲል ወይም ባለ ፎስፋዚን ጫፉ። ለሌዘር፦ ባለ ብዙ ማያያዣው ብቻ፣ ያውም ካርቦናችሁ ላይ ተሞክሮ።

ለሞተሩ ማሽከርከሪያ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የኤስተር ዘይት ነው ያለው። ለማግኔት ቴፕም እንዲሁ ነው፤ ዱቄት የተቀባው ቴፕ የሰባ አሲድ ኤስተሮችን ከማጣበቂያው ጋር ደባልቆ ይዟል። የብረት ተን የተቀባው ቴፕ ግን ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ወደ ፍሎሪን ይመለሳል።

ሁለት ቀርበው ካቃታችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ አሟሚ፣ በአንድ ዓይነት ካርቦን ላይ፣ በእኩል ውፍረት ቀቡ። ከዚያ ግማሾቹን ዲስኮች እርጥብ አየር ውስጥ፣ ግማሾቹን ደረቅ ውስጥ አስቀምጡ። ውሃ ሃይድሮክሲሉ የሚይዘውን ቦታ ይሻማል፤ በደረቅ አየር አንደኛ የወጣው በእርጥበት ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። ሂሊየም ተሞልቶ ለሚታሸግ ዲስክ ከሆነ ደግሞ የእርጥበቱ ፈተና ክብደቱ ይቀንሳል።

ማሞቅ ካለባችሁ አየር ማውጫ ሥር ይሁን፤ ሲበጣጠስ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው። በእጁ ቅባት የነካው ሰውም ሳይታጠብ ሲጋራ አይለኩስ፤ የሲጋራው እሳት ቅባቱን ለመበጣጠስ ይበቃል። ከገዛችሁት ጠርሙስ ላይም ትንሽ ቀንሳችሁ፣ የምርት ቁጥሩን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። የሚቀጥለው ጠርሙስ በስም አንድ ሆኖ በክብደት ስርጭቱ ሊለይ ይችላል፤ ያኔ የምታስተያዩበት ይኖራችኋል።